አኃዝና ቤት፤ ስለ ቁጥር አካላት ስያሜ ታሪካዊ ሐተታ

፩. መነሻ

የሒሳብ መጽሐፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው በእንግዳ ቃል ብዙ አይቸገርም። እንግዳውን ቃል መዝገበ ቃላት ገልጦ ይፈታዋል፤ አቻ ካጣለትም እንዳለ በፊደላችን ጽፎት ያልፋል። ይልቁንም የሚያሰናክለው ሁሉም ዐውቀዋለሁ የሚለው፥ ከትምህርት ቤት እስከ ገበያ በየዕለቱ የሚነገረው ቃል ነው። «ቁጥር»፥ «አኃዝ»ና «ቤት» የሚሉት ሦስት ቃላት ከዚህ ወገን ናቸው። ሦስቱም ጥንታውያን ናቸው፤ ሦስቱም ሕያዋን ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ድንበር ግን በቅጡ አልተከለለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሦስቱን ቃላት አመጣጥ መርምሮ ለሙያ ጽሑፍ የሚበጀውን ድንበር ማመልከት ነው። ለመመርመሪያ የመረጥነው መስክ ጠባብ ነው፤ ይኸውም የቁጥር ወዳጆች ለመዝናኛ የሚጫወቱት አንድ ዐይነት ጨዋታ ነው። አንድ ቁጥር ይወሰድና የተጻፈባቸው ምልክቶች ተነጣጥለው በረድፍና በዐምድ ይደረደራሉ፤ እንዲህ ያለው ድርድር በሒሳብ ቋንቋ ማትሪክስ ይባላል። ከዚያም ከድርድሩ የሚወጣው ስሌት ምን እንደሚሰጥ፥ ከመነሻው ቁጥር ጋርም ምን ዝምድና እንዳለው ይጠየቃል። ለምሳሌ 2017ን ብንወስድ፥ 2ና 0 በላይኛው ረድፍ፥ 1ና 7 በታችኛው ረድፍ ይቀመጣሉ። ዴተርሚናንት የሚባለው ውጤት የሚገኘው የአንደኛውን ሰያፍ ብዜት ወስዶ የሁለተኛውን ሰያፍ ብዜት በመቀነስ ነው፤ 2 በ7 ሲባዛ 14፥ 0 በ1 ሲባዛ 0፥ ልዩነቱም 14 ይሆናል።

ጨዋታው ለኑሮ የሚሰጠው ጥቅም ይህን ያህል አይደለም። ለስያሜ ጥናት ግን ብርቱ መፈተኛ ነው። ስሌቱ የተመሠረተው በቁጥሩ አጻጻፍ ላይ ስለ ሆነ፥ ቁጥርንና የቁጥርን ምልክት የሚያደባልቅ ቋንቋ ወዲያውኑ ይጋለጥበታል።

፪. ይፋት፤ የሁለት ሥርዐቶች መገናኛ

ምርመራችንን ከአንድ አካባቢ ጋር ማያያዝ ይጠቅመናል፤ ምክንያቱም የቁጥር አጻጻፍ በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በሰዎች መካከል የሚኖር ነገር ነው። ለዚህም ይፋትን መርጠናል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና የሸዋን ደጋ ለቅቆ ቁልቁል ከወረደ በኋላ ሸዋ ሮቢትን አልፎ አጣዬ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ከሚሴ ያቀናል። አጣዬ፥ በሌላ ስሟ ኤፌሶን፥ የኤፍራታና ግድም ወረዳ ከተማ ናት። በምዕራቧ የመንዝ ደጋ፥ በምሥራቋ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ቀበሌዎች፥ ከእነርሱም ወዲያ ወደ አዋሽ የሚወርደው የአፋር ቆላ ይገኛሉ። ቋንቋቸው ለአማርኛ የቅርብ ዘመድ የሆነው አርጎባዎችም ከጥንት ጀምሮ በይፋት የኖሩ ናቸው።

ይፋት ከ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በወላስማ ሥርወ መንግሥት የሚመራ የእስላማዊ ሱልጣኔት አገር ነበር። በ1332 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዐፄ ዐምደ ጽዮን ያደረጉት ዘመቻ በግዕዝ ዜና መዋዕል ተመዝግቦ ይገኛል፤ በዐረብኛ የተቀረጹት የወላስማ መቃብር ድንጋዮች ደግሞ የዚያው ዘመን የሌላው ወገን ጽሑፍ ናቸው። ስለዚህ በአንድ አካባቢ፥ በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ፥ ቁጥር በግዕዝም በዐረብኛም ይጻፍ ነበር ማለት ነው።

ይህ ጎረቤትነት በኋላም አልተቋረጠም። በቤተ ክርስቲያን ዳዊት የሚደግም ተማሪ የመዝሙሩን ተራ ከ፩ እስከ ፻፶ በግዕዝ ምልክት እያነበበ ያድጋል። ቁርኣን የሚቀራው ልጅ በዐረብኛ ፊደል ይማራል፤ በዐረብኛም ቁጥር በሁለት መንገድ ይጻፋል። አንደኛው አብጀድ የሚባለው፥ ለ28ቱ ፊደላት ለእያንዳንዳቸው ከ1 እስከ 1,000 ድረስ ዋጋ የሚሰጠው ስልት ነው። ሁለተኛው ከሕንድ የመጡት ዐሥሩ ምልክቶች ናቸው። በመጨረሻም በዘመናዊው ትምህርትና በንግድ በኩል የአውሮፓ መልክ ያላቸው ምልክቶች ገቡ፤ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1901 ዓ.ም. መሆኑን እናስታውሳለን። ከዚያ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ፥ በ1887 ዓ.ም. በተሠራው የምኒልክ ብር ላይ ዘመኑ ፲፰፻፹፯ ተብሎ በግዕዝ ምልክት ተቀርጾ ነበር።

አንባቢው ልብ ሊል የሚገባው ነጥብ የሚከተለው ነው። አጻጻፉ አራት ቢመስልም ሥርዐቱ ሁለት ብቻ ነው። የግዕዙና የአብጀዱ አንድ ወገን ናቸው፤ በእነዚህ እያንዳንዱ ምልክት የትም ቢቀመጥ የራሱ ዋጋ አለው። የሕንዱና የአውሮፓው ሌላ ወገን ናቸው፤ በእነዚህ የምልክቱ ዋጋ በተቀመጠበት ስፍራ ይወሰናል። እንግዲህ በይፋት ገበያ የሥርዐቱ ድንበር ከሃይማኖትና ከቋንቋ ድንበር ጋር አይገጥምም፤ የደብተራውና የሼኹ ጥንታዊ ስሌት በአንድ ወገን፥ የነጋዴውና የተማሪው መዝገብ በሌላ ወገን ይቆማሉ።

፫. የግዕዝ ምልክቶች ጠባይ

የግዕዝ የቁጥር ምልክቶች ከግሪክ ፊደል የተወሰዱ ናቸው፤ ከ4ኛው መቶ ዓመት ጀምሮም በአክሱም ጽሑፎች ይገኛሉ። ብዛታቸው 20 ነው። ከ፩ እስከ ፱ ዘጠኝ፥ ከ፲ እስከ ፺ ዘጠኝ፥ በተጨማሪም ፻ና ፼። ግሪኮች ለ200፥ ለ300፥ እስከ 900 ድረስ የየራሱ ፊደል ሲኖራቸው የግዕዝ ጸሐፍት ግን ከ፻ በፊት ብዛቱን መጻፍ መረጡ፤ 200 ፪፻ ይሆናል። ይህ ምርጫ ምልክቶቹን ያሳነሰ፥ አጻጻፉንም ከአነጋገሩ ጋር ያስማማ ጥበብ ነው። «ሁለት መቶ» ብለን እንደምንናገር «፪፻» ብለን እንጽፋለንና።

በዚህ ሥርዐት ዜሮ የለም፤ አያስፈልግምም። ፻ ብቻውን መቶ ነው፤ የሚጠብቀው ባዶ ስፍራ የለውም። ስለዚህም የምልክቶቹ ብዛት ከቁጥሩ ትልቅነት ጋር አብሮ አይሄድም። 1985 በአራት ምልክት ሲጻፍ ፲፱፻፹፭ አምስት ይፈልጋል፤ 100 ሦስት ምልክት ሲፈልግ ፻ በአንድ ያበቃል።

አሁን ጨዋታችንን በግዕዝ እንሞክረው። ፲፱፻፹፭ አምስት ምልክት ስላለው በሁለት ረድፍና በሁለት ዐምድ አይደረደርም። ፳፻፲፯ ግን እንዳጋጣሚ አራት ምልክት አለው፤ ፳ና ፻ በላይ፥ ፲ና ፯ በታች ሊቀመጡ ይችላሉ። የሰያፎቹ ብዜት 20 በ7 እና 100 በ10 ስለሚሆን፥ 140 ሲቀነስ 1,000፥ ውጤቱ 860 ከዜሮ በታች ነው። ቀደም ብለን በዐሥሩ ምልክቶች ያገኘነው 14 ነበር። ዓመቱ አንድ ነው፤ ቁጥሩ አንድ ነው፤ መልሱ ግን ሁለት ሆነ። ይህ የሚያስረዳን ጨዋታው የሚጠይቀው ስለ ቁጥሩ ሳይሆን ስለ ምልክቶቹ መሆኑን ነው።

ከዚህ ላይ «አኃዝ» የሚለው ቃል ችግር ይጀምራል። ቃሉ በግዕዝ «ያዘ» ማለት ከሆነው ከ«አኀዘ» ጋር በአንድ ፊደል ይጻፋል፤ የኖረውም ከእነዚህ ከሀያዎቹ ምልክቶች ጋር ነው። «የግዕዝ አኃዝ» ስንል ፩ም ፸ም ፼ም አኃዞች ናቸው። ዐሥሩ ምልክቶች ሲመጡ ስሙ ወደ እነርሱ ተሻገረ። ከዚያም «አኃዛዊ መረጃ» በሚለው ሐረግ የተቈጠረና የተሰበሰበ መረጃን ሁሉ ለማመልከት ተዘረጋ። ስለዚህ ዛሬ አንዱ ቃል ምልክትን፥ ቁጥርንና የቁጥር መረጃን ይሸከማል።

ሸክሙ የት እንደሚያዘነብል ለማየት በዜና ማሰራጫዎች የተለመደውን «ባለ ሁለት አኃዝ ዕድገት» የሚለውን ሐረግ እንመልከት። የተባለው ከመቶ 10ና ከዚያ በላይ ዕድገት ነው። ሐረጉን በግዕዝ ምልክት ብንመዝነው ግን ፲ ባለ አንድ አኃዝ፥ ፲፩ ባለ ሁለት፥ ፳ እንደ ገና ባለ አንድ ይሆናል። ሐረጉ ትርጉም የሚኖረው ምልክት በስፍራው ሲመዘን ብቻ ነው። ተናጋሪው ይህን ሳያውቅ በትክክል ይጠቀምበታል፤ ቃሉ ግን ልዩነቱን አይነግረውም።

መደባለቁ የአማርኛ ብቻ አይደለም። ሕንዶች ባዶ ስፍራ የሚጠብቅበትን ምልክት ዐረቦች ባዶ በሚለው ቃላቸው «ሲፍር» አሉት። ይኸው ቃል ወደ አውሮፓ ሲሻገር በአንድ መንገድ «ዜሮ» ሆነ፤ በሌላ መንገድ በፈረንሳይኛ «ሺፍር» ሆኖ ማንኛውንም የቁጥር ምልክት ለማመልከት በቃ። የአንዱ ምልክት ስም የሁሉም ስም ሆነ ማለት ነው። እንግሊዝኛ ደግሞ ለዚሁ ጕዳይ ጣት ከሚለው የላቲን ቃል «ዲጂት»ን አወጣ፤ ዛሬ «ዲጂታል» ስንል የምንጠራው የዚያኑ የጣት ቃል ነው።

፬. መግደፍ፤ አጻጻፍ የማይነካው ስሌት

ለቁጥር ምልክት ስም ሲያጥረን አማርኛ በሒሳብ ድኻ ነው ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት በባሕረ ሐሳብ ያቆዩት ሌላ ዐይነት ስሌት አለ፤ ቃላቱም የተሟሉ ናቸው። ስሌቱ በተረፈ ቁጥር ላይ የቆመ ነው። ትልቁን ቁጥር በታወቀ መጠን እየቀነሱ መጣልን «መግደፍ» ይሉታል፤ የቀረውም የየራሱ ስም አለው።

2017 ዓ.ም.ን እንውሰድ። ዓመተ ዓለሙ 5,500 ሲደመርበት 7,517 ይሆናል። ይህ በ19 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፤ እርሱም መደብ ነው። ከመደቡ አንድ ሲነሣ 11 ይቀራል፤ ይህ ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 1 ይገኛል፤ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 29 ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ናቸው፤ ይህም ስሌቱ ለመቃናቱ ማረጋገጫ ነው። የሚተርፍ ሲጠፋ ደግሞ ሊቃውንቱ «አልቦ» ይላሉ። ስለዚህ የዜሮ ምልክት ባልነበረበት ሥርዐት የዜሮ ሐሳብና ስም ነበሩ።

በዐውደ ነገሥት የሚሠራውም የዚሁ ዘመድ ነው። ለፊደላት ዋጋ ይሰጥና የሰውየው ስም ከእናቱ ስም ጋር ተደምሮ በ12 ይገደፋል፤ የተረፈው ኮከቡን ይነግራል ይባላል። በእስላማዊው ወገን በአብጀድ የሚሠራው ስሌትም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ ፊደል ቁጥር ይሆናል፥ ይደመራል፥ ይገደፋል። ስለ ትንቢቱ እውነትነት እዚህ የምንለው የለንም። የሚያስፈልገን ቋንቋው ነው። ደብተራውና ሼኹ በተለያየ ፊደል አንድ ዐይነት ሒሳብ ይሠሩ እንደ ነበር ይህ በቂ ምስክር ነው።

የዚህ ስሌት ዋና ጠባይ አጻጻፍ የማይነካው መሆኑ ነው። ፸፭፻፲፯ ብለን እንጻፈው 7,517፥ በ19 ሲገደፍ ያው 12 ይተርፋል። በአንጻሩ የምልክቶቹን ድምር ብንጠይቅ በዐሥሩ ምልክቶች 7፥ 5፥ 1ና 7 ተደምረው 20 ይሰጣሉ፤ በግዕዝ ግን ሌላ ነገር ይወጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ስሌት የቁጥር፥ ሁለተኛው የአኃዝ ነው። ለመጀመሪያው መግደፍ፥ መደብ፥ ወንበር፥ አልቦ የሚሉ ወራሾች አሉን፤ ለሁለተኛው ቃል ማደላደል የእኛ ዘመን ሥራ ነው።

፭. አራት ማዕዘኑ ሲተረጐም

በቁጥር ስሌትና በአኃዝ ስሌት መካከል ያለውን ልዩነት ከሁሉ አጕልቶ የሚያሳየው ባለ ሦስት ረድፍ የቁጥር አራት ማዕዘን ነው። ከ1 እስከ 9 ያሉት ቁጥሮች በየረድፉ፥ በየዐምዱና በየሰያፉ 15 እንዲሰጡ ይደረደራሉ። በቻይና ጥንታዊ ነው፤ በዐረብኛ «ወፍቅ» ይባላል፤ በ1111 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያረፈው አል ገዛሊ «አል ሙንቂዝ» በተባለው መጽሐፉ ምጥ ለጠናባት ሴት ይረዳል መባሉን ይጠቅሳል። በአራቱ ማዕዘኖች የሚውሉት 2፥ 4፥ 6ና 8 በአብጀድ ሲነበቡ «ቡዱሕ» የሚለውን ቃል ይሰጣሉ፤ ይህ ቃል በሙስሊሙ ዓለም ክታብ ላይ የታወቀ ነው። «ክታብ» የሚለውን ቃልም በአገራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድነት ይጠቀሙበታል።

ይህ አራት ማዕዘን ወደ ግዕዝ ምልክት ሲመለስ አንዳች አይጐድልበትም፤

፬ ፱ ፪
፫ ፭ ፯
፰ ፩ ፮

እያንዳንዱ ስፍራ የያዘው አንድ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩም በየትኛውም ምልክት ቢጻፍ ያው ነው። ዴተርሚናንቱም 360 ሆኖ ይገኛል። ይህ ቁጥር ያለ ጳጕሜን የዓመታችን ቀናት ብዛት መሆኑ አጋጣሚ ነው፤ ምሥጢር ልናደርገው አይገባንም።

ነገር ግን በዚሁ አራት ማዕዘን ላይ የቁጥር ወዳጆች ያገኙት ሌላ ጨዋታ አለ። የየረድፉን ሦስት ምልክቶች አያይዘን እንደ አንድ ቁጥር ብናነብባቸው 492፥ 357ና 816 ይሆናሉ። ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ ብናነብባቸው 294፥ 753ና 618 ናቸው። አሁን እያንዳንዱ በራሱ ይባዛና ይደመር። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ 242,064፥ 127,449ና 665,856 ሆነው 1,035,369 ይሰጣሉ። የሁለተኞቹ ሦስቱ 86,436፥ 567,009ና 381,924 ሆነው ያንኑ 1,035,369 ይሰጣሉ። በዐምዶቹም ቢሞከር እንዲሁ ነው፤ 438፥ 951ና 276 በአንድ በኩል፥ 834፥ 159ና 672 በሌላ በኩል በራሳቸው ተባዝተው ሲደመሩ እኩል 1,172,421 ይሆናሉ።

ይህን ወደ ግዕዝ መመለስ አይቻልም። 492 ፬፻፺፪ ነው። ምልክቶቹን ከኋላ ወደ ፊት ብናነብብ ፪፺፻፬ ይወጣል፤ ይህ ቁጥር አይደለም። 816ም ፰፻፲፮ ተብሎ አራት ምልክት ስለሚፈልግ የረድፉ ሦስትነት ይፈርሳል። አራት ማዕዘኑ የቁጥሮች ማደሪያ ሆኖ ሲቆጠር ይተረጐማል፤ የአኃዞች ማደሪያ ሆኖ ሲቆጠር ግን አይተረጐምም።

በአገራችን ይህን የመሰለ ነገር በፊደልም ደርሷል። ሳዶር፥ አላዶር፥ ዳናት፥ አዴራ፥ ሮዳስ የሚሉትን የአምስቱን ቅንዋት ስሞች የማያውቅ የቤተ ክርስቲያን ልጅ የለም። ሊቃውንት እነዚህን ስሞች ሳቶር፥ አሬፖ፥ ቴኔት፥ ኦፔራ፥ ሮታስ ከሚለው የላቲን አራት ማዕዘን ጋር ያያይዟቸዋል። የላቲኑ አምስት ቃላት እያንዳንዳቸው አምስት ፊደል ያላቸው ሲሆኑ፥ ከላይ ወደ ታች፥ ከግራ ወደ ቀኝና ወደ ኋላ ቢነበቡ አንድ ናቸው፤ በ79 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በእሳተ ገሞራ አመድ በተቀበረችው በፖምፔይ ከተማ ግድግዳ ላይ ተጽፎ ተገኝቷል። ወደ እኛ ሲደርስ ግን ፊደላችን ተናባቢውንና አናባቢውን በአንድ ሆሄ ስለሚይዝ ሳዶር ሦስት፥ አላዶር አራት ሆሄ ሆኑ። ሮዳስ ከኋላ ቢነበብ ስዳሮ እንጂ ሳዶር አይሆንም። ስሞቹ ዳኑ፤ ከብረውም በጸሎት ኖሩ። አራት ማዕዘኑ ግን በመንገድ ቀረ። ቃል የተረጐመ ሰው ድርድሩን እንዳልተረጐመ የሚያስተምር ከዚህ የበለጠ ምሳሌ በሥነ ጽሑፋችን ታሪክ ማግኘት ይቸግራል።

፮. «ቤት»

የድርድሩን ስፍራ ምን እንበለው? በዚህ ረገድ አማርኛ አስቀድሞ የመለሰው ጥያቄ አለ። መምህራን ለልጆች 276ን ሲያስተምሩ 6 በአንድ ቤት፥ 7 በዐሥር ቤት፥ 2 በመቶ ቤት ይገኛል ይላሉ። ቃሉ ከባዕድ ቋንቋ የተቀዳ አይመስልም፤ አማርኛ «ቤት»ን ሥርዐት ላለው ስፍራ ሁሉ ሲጠቀምበት የኖረ ነውና። ቅኔ ቤት፥ ዜማ ቤት፥ ንባብ ቤት ዕውቀት በየደረጃው የሚሰጥባቸው ስፍራዎች ናቸው። በቅኔም ጉባኤ ቃና ባለ ሁለት ቤት፥ ዘአምላኪየ ባለ ሦስት፥ መወድስ ባለ ስምንት ይባላሉ። በግጥም መድረሻው ሲገጥም ቤት መታ እንላለን። በፊደል ገበታም «የሀ ቤት»፥ «የለ ቤት» ማለት የተለመደ ነው።

ዐረብኛም በዚሁ የሴም ቃል ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል። «በይት» መኖሪያ ነው፤ የግጥም መስመርም ነው፤ በወፍቅ አራት ማዕዘን ውስጥም እያንዳንዱ ስፍራ «በይት» ይባላል። ስለዚህ ይፋትን በመሰለ አካባቢ የሁለቱም ወገን ሊቃውንት ለአራት ማዕዘኑ ስፍራ ያላቸው ስም በሥሩ አንድ ነው። ስያሜ አውጪ ይህን የመሰለ ዕድል ብዙ ጊዜ አያገኝም።

የፊደል ገበታችን ራሱ የማትሪክስ መልክ አለው። ተነባቢዎቹ በረድፍ፥ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ድምፆች በዐምድ ይሄዳሉ፤ 33ቱ ረድፎች በ7 ሲባዙ 231 ሆሄያት ይሆናሉ። በዚህ ገበታ ያደገ ልጅ ስፍራ ዋጋ እንዳለው ያውቃል፤ ከለ ረድፍ አራተኛው ላ ነው። ነገር ግን በፊደል ስፍራው ሲለወጥ መልኩም ይለወጣል፤ ሆሄው ዋጋውን በራሱ ላይ ተሸክሞ ይዞራል። በዐሥሩ ምልክቶች ግን 7 በመቶ ቤትም በአንድ ቤትም ያው 7 ነው፤ ዋጋውን የሚያውቀው ቤቱ ብቻ ነው። ከፊደልና ከግዕዝ ቁጥር ወደ ዐሥሩ ምልክቶች የሚሻገር ተማሪ የሚማረው አዲስ ነገር ይህ ነው። «ባዶ ቤት» ማለት ምን እንደ ሆነም በዚሁ ይገባዋል፤ ዜሮ የሚያስፈልገው ነዋሪ የሌለበት ቤት እንዳይፈርስ ነውና።

፯. የስያሜ ሐሳብ

ከላይ ከተመለከትነው በመነሣት ለሙያ ጽሑፍ የሚከተለውን ድንበር እናቀርባለን። «ቁጥር» ብዛቱን ይግለጥ። «አኃዝ» በሒሳብ ጽሑፍ ውስጥ ከ0 እስከ 9 ላሉት ዐሥር ምልክቶች ብቻ ይወሰን። «ቤት» አኃዝ በቁጥር ውስጥ፥ ቁጥርም በድርድር ውስጥ የሚያድርበት ስፍራ ይሁን። «ረድፍ»ና «ዐምድ» እንዳሉ ይቆዩ።

በዚህ ላይ ሁለት መቃወሚያ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው «የግዕዝ አኃዝ» የሚለው ስም ምን ይሁን የሚል ነው። ስሙ የከበረና የተለመደ ስለ ሆነ ከአነጋገር መንቀል አይገባም፤ ልዩነቱ በሚፈለግበት የሒሳብ ጽሑፍ ግን «የግዕዝ የቁጥር ምልክት» ማለት በቂ ነው። ሁለተኛው ማትሪክስን ለምን «ሰንጠረዥ» አንለውም የሚል ነው። ሰንጠረዥ ከፋርስና ከዐረብ በኩል የመጣ የጨዋታ ስም ነው፤ ከጨዋታው ገበታ ተነሥቶ በመስመር የተከፋፈለ የመረጃ ዝርዝርን ሁሉ ለመጥራት በቅቷል። የዝናም መጠን ሰንጠረዥ ይነበባል እንጂ በሌላ ሰንጠረዥ አይባዛም። ማትሪክስ ግን ይደመራል፥ ይባዛል፥ ዴተርሚናንት ይወጣለታል። ስለዚህ በእኛ አስተያየት ማትሪክስ በውሰት ስሙ ይቆይ፤ የውስጥ አካሎቹ ግን ረድፍ፥ ዐምድና ቤት ተብለው በአማርኛ ይጠሩ።

ድንበሩ ምን እንደሚያድን በአንድ ዐረፍተ ነገር እንፈትን። ከላይ ያየነውን ጨዋታ አንድ ተርጓሚ «ሦስቱን ቁጥሮች ገልብጠህ በራሳቸው አባዛ» ብሎ ቢመልሰው፥ አንባቢው 492ን አንድ በ492 አድርጎ ሊረዳው ይችላል፤ ቁጥርን መገልበጥ በክፍልፋይ ትምህርት የተለመደ ትርጉም አለውና። «የሦስቱን ቁጥሮች አኃዞች ከአንድ ቤት ጀምረህ ወደ ኋላ አንብብ» ቢለው ግን ስሕተት የሚገባበት ቀዳዳ የለም። እንዲሁም «የቁጥሩ ድምር»ና «የአኃዞቹ ድምር» የሚሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ይህ ልዩነት በጠፋበት መጽሐፍ ተማሪው መልሱ ለምን እንደማይገጥምለት ሳይረዳ መጽሐፉን ይዘጋል። ሒሳብ አልገባኝም ይላል፤ ያልገባው ግን ቋንቋው ነው።

በመጨረሻም ስለ ቃላት አሰባሰብ አንድ ነገር ማሳሰብ እንወዳለን። መግደፍን፥ ወንበርን፥ አልቦን ከነአጠቃቀማቸው የሚያውቁ ሰዎች በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ የአብጀድ ስሌት ቃላትም እንዲሁ በመድረሳና በቤት ውስጥ የሚኖሩ ናቸው። ይፋት ሁለቱንም ወገን በአንድ የገበያ ቀን ማግኘት የሚቻልበት አገር ነው። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. በደረሰው ግጭት ክፉኛ መጎዳቷ ይታወቃል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ መጽሐፉም የመጽሐፉ አንባቢም አብረው ይበተናሉ። መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ከደጋው ገዳማት ጋር ቆላውንም በአሰሳ ካርታቸው ውስጥ ቢያስገቡ፥ የሒሳብ ቃላታችን ከሁለት ምንጭ ይቀዳሉ።

ለተርጓሚ ደግሞ በሥራ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ የሚፈትንበት ቀላል መለያ አለ። ስለ ቁጥር የሚናገር ዐረፍተ ነገር በገጠመው ጊዜ ያንኑ ነገር በግዕዝ ምልክት ጽፎ ይመልከተው። እውነትነቱ ካልተለወጠ የተባለው ስለ ቁጥር ነው። እውነትነቱ ከፈረሰ የተባለው ስለ አኃዝ ነው። የፈረሰው ምልክቱ ስፍራውን በማጣቱ ከሆነ ደግሞ የሚያስፈልገው ቃል ቤት ነው።